የሁለተኛው ሰው ድምፅ



ሲኒማ የሚመለከት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚያሳርፈው በዋናው ተዋናይ ላይ ነው። ፈረስ የሚጋልበው፣ ልጅቱን የሚያገባው፣ በመጨረሻም ጠላቱን ድል የሚነሣው እርሱ ነው፤ በማስታወቂያው ወረቀት ላይም በትልቅ ፊደል የሚጻፈው የእርሱ ስም ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን በጥሞና የተከተለ ተመልካች ከዋናው ሰው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል። ይህ ሁለተኛ ሰው ዛሬ ሐኪም፣ ነገ የፖሊስ አዛዥ፣ ከነገ ወዲያ ከዳተኛ ወዳጅ ሆኖ ይቀርባል። በወጥ ውስጥ የጨው መኖር ሳይሆን መጕደሉ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ የዚህም ሰው ዋጋ የሚታወቀው ሥራውን የማያውቅ ሌላ ሰው በስፍራው የገባ እንደ ሆነ ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣላችሁ የምፈልገው ከጥንቶቹ የሆሊዉድ ፊልሞች ሁለተኛ ሰዎች አንዱን፣ ክሎድ ሬይንስን ነው። እርሱን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ራሴ አፌን በትግርኛ ፈትቼ አማርኛን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ሰው ነኝ። ክሎድ ሬይንስም ዓለም ያወቀውን ያን ድምፅ ይዞት አልተወለደም፤ እንደ ተማሪ ደክሞ ያገኘው ነው። ከዚያም በኋላ በዚሁ ደክሞ ባገኘው ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ያሳየን ነገር ቢኖር ያማረ አነጋገርና መልካም ሰው ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ቋንቋን ለሥራ ብለን ለምንማር ሰዎች ከዚህ የበለጠ ትምህርት አይገኝም ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ክሎድ ሬይንስ በ1889 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍሬድሪክ ሬይንስ ራሱ ተዋናይ ነበር፤ ኑሮአቸው ግን የድኻ ኑሮ ነበር። ልጁ የሚናገረው ኮክኒ የሚባለውን፣ የለንደን ድኾች ሰፈር አነጋገር ነበር፤ ይኸውም ጨዋ ነን የሚሉት ሰዎች ሰምተው የሚሥቁበት ነው። ከዚህም በላይ አንደበቱ ይያዝ ነበር፤ «ረ» የሚለውንም ድምፅ አጥርቶ ማውጣት አይችልም ነበር። የቤተ ሰቡ ስም በዚሁ ድምፅ የሚጀምር ልጅ፣ ስምህ ማን ነው ብለው ሲጠይቁት የሚደርስበትን ኀፍረት አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ይህ ልጅ ገና በልጅነቱ በለንደን በታወቀው በሂዝ ማጀስቲ ቴአትር ቤት ተቀጠረ። ሥራውም የተዋንያኑ ተራ በደረሰ ጊዜ ከክፍላቸው እየሮጠ መጥራት ነበር። የቴአትር ቤቱ አዛዥ ታላቁ ተዋናይ ሄርበርት ቢርቦም ትሪ ነበር፤ እርሱም የልጁን ትጋት ተመልክቶ አነጋገሩን የሚያርምበትን ትምህርት በራሱ ገንዘብ አስጀመረው። ልጁም በተዋንያን ጀርባ ቆሞ የረሱትን ቃል የሚያስታውስ፣ ቀጥሎም የመድረኩን ሥርዓት የሚመራ ሰው እየሆነ ከደረጃ ወደ ደረጃ ወጣ። የሌላውን ሰው ቃል በጨለማ ውስጥ ቆሞ ማዳመጥ ለእርሱ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ቤት ሆነለት።

ከዚያ በኋላ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሬይንስ «ለንደን ስኮቲሽ» በሚባለው ክፍለ ጦር ውስጥ ሆኖ ዘመተ፤ በመርዝ ጋዝም ተመትቶ የአንዱን ዓይኑን ብርሃን አብዛኛውን አጣ። ተራ ወታደር ሆኖ ሄዶ ካፒቴን ሆኖ ተመለሰ። ከጦርነቱ በኋላም ትሪ በ1904 ዓ.ም. ባቋቋመው በለንደን የድራማ አካዳሚ አስተማሪ ሆነ፤ ከተማሪዎቹም መካከል በኋላ በዓለም ስማቸው የተጠራው ጆን ጊልገድና ቻርልስ ሎተን ነበሩ። ስሙን አጥርቶ መጥራት የተሳነው ልጅ ለእንግሊዝ ተዋንያን የንግግር መምህር እስከ መሆን ደረሰ ማለት ነው። የማይቻል የመሰለ ነገር በሰዓታትና በቀናት ሳይሆን በዓመታት ድካም እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ሆሊዉድ የደረሰው እንግዲህ በጕልምስና ዕድሜው ነው። በዚያ የሠራው የመጀመሪያው ፊልም በ1933 ዓ.ም. የወጣው «የማይታየው ሰው» ነበር። ፊልሙን ያዘጋጀው ጄምስ ዌል ሲሆን፣ ታሪኩ የተወሰደው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1897 ዓ.ም. ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ የሳይንስ ሰው ራሱን ከሰው ዓይን የሚሰውርበትን መድኀኒት አግኝቶ ወስዶታል፤ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመለስበትን ግን አጥቶታል። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ፊቱን በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ወይም ጨርሶ ሳይታይ ይመላለሳል። ፊቱ የሚገለጠው በመጨረሻ በሞት አልጋው ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ለአዲስ ተዋናይ ከዚህ የከፋ ጅማሮ አለ ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ ሌላው በፊቱ መልክ የሚፈልገውን ዝና እርሱ በድምፁ ብቻ እንዲፈልግ ተፈረደበት።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ድምፁ መጀመሪያ የደከመው መንገደኛ ድምፅ ነው፤ በበረዶ መካከል መጥቶ ክፍልና እሳት ይለምናል። ቀጥሎ ትዕግሥቱ ያልቃል። ከዚያ መሣቅ ይጀምራል። ከዚያም ዓለምን ሁሉ እንደሚገዛ መናገር ይጀምራል፤ ድምፁም እየሰፋ ይሄዳል። ትዕቢት በሰው ልብ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያድግ ዓይናችን ምንም ሳያይ ጆሮአችን ይከተለዋል። ዋናውን ሰው የተጫወተው ምናልባት በዚህ ፊልም ነው ቢባልም፣ መልኩ ስላልታየ ከሲኒማው ደጃፍ ላይ ቢቆም የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ድምፅ ብቻውን ሰውን ሊያሳይ መቻሉን ለሐርጌሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሶማሊ ቋንቋ በ1972 ዓ.ም. በላቲን ፊደል ኦፊሴላዊ ጽሕፈት እስኪያገኝ ድረስ ግጥሙም፣ ዕርቁም፣ ሙግቱም ሲተላለፍ የኖረው በአፍና በጆሮ ነው። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ የሬዲዮ ሐርጌሳ ድምፅ በየቤቱ ገባ። በ1988 ዓ.ም. ከተማዋ በአውሮፕላን ቦምብ ስትፈርስ ሰዎች ሕይወታቸውን ይዘው ሲሸሹ ከተሸሸጉት ቅርሶች አንዱ የዘፈንና የቴአትር ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ ነበር። ከመሬት በታች የተቀበረም ነበረ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ሄዶ የሚጐበኝ ሰው በሺሕ የሚቈጠሩ ካሴቶች በመደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ያያል። ሰው ከፈረሰ ቤቱ ሥር የሰው ድምፅ ቀብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ድምፅን ከወርቅ ባላነሰ ይመለከተዋል ማለት ነው። ስለዚህ የክሎድ ሬይንስን ጥበብ በዚህች ከተማ ውስጥ ሆኖ ማመስገን ከስፍራው የወጣ ነገር አይደለም።

አሁን ድምፁን ለምን ለምን እንዳዋለው እንመልከት። በ1939 ዓ.ም. ፍራንክ ካፕራ ያዘጋጀው «ሚስተር ስሚዝ ወደ ዋሽንግተን ሄደ» የሚባለው ፊልም ወጣ። ዋናው ሰው በጄምስ ስቱዋርት የቀረበው ጄፈርሰን ስሚዝ የተባለ የዋህ ወጣት ነው፤ ሳያስበው የአሜሪካ ሴኔት አባል ሆኖ ይሾማል። ሬይንስ የሚጫወተው ሴናተር ጆሴፍ ፔይንን ነው። ፔይን የወጣቱ አባት የቀድሞ ጓደኛ፣ ጠጕሩ የሸበተ፣ አነጋገሩ የረጋ፣ ሲናገር አዳራሹ ሁሉ ጸጥ የሚልለት ሰው ነው። ወጣቱም እንደ አባት ያየዋል። ነገር ግን ይህ የተከበረ ሽማግሌ ከብዙ ዓመት በፊት ነፍሱን ለአንድ ባለ ገንዘብ የፖለቲካ ጌታ አስይዟታል፤ በግድብ ሥራ ስም የሚደረገውንም ዘረፋ በሴኔት ውስጥ የሚሸፍነው እርሱ ነው።

ሌላ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ ይህን ሰው ዓይኑን እያጕረጠረጠ፣ ክፋቱን ከሩቅ እያሳየ ይጫወተው ነበር። አማርኛችን «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚለው ዓይነት ሰው አድርጎ ያቀርበው ነበር። ሬይንስ ግን ከዚህ የሚያስፈራ ነገር አሳየን። የፔይን ልብ ጩቤ አይደለም፤ ደክሞ እጁን የሰጠ ልብ ነው። ወጣቱን በሐሰት በሚከስበት ሰዓት እንኳ ድምፁ የአባት ድምፅ ነው፤ ኀዘኑም የውሸት ኀዘን አይመስልም። አነጋገሩ ያማረው መልካም ሰው በነበረበት ዘመን ነው፤ መልካምነቱ ሲሄድ አነጋገሩ ብቻውን ቀረ። በፊልሙ መጨረሻ ወጣቱ ያለ ዕረፍት ተናግሮ ተናግሮ ድምፁ ተዘግቶ በአዳራሹ መካከል ሲወድቅ፣ ፔይን ከውጭ ራሱን ሊገድል ሽጕጥ ያወጣል፤ ሲከለክሉትም ሮጦ ገብቶ ጥፋቱን በጩኸት ይናዘዛል። ድምፁ ያን ጊዜ አያምርም፤ ይሰነጠቃል፤ ይቈራረጣል። በፊልሙ ሁሉ ውስጥ ፍጹም እውነት የተናገረውም ያን ጊዜ ነው።

ሦስት ዓመት ቈይቶ በ1942 ዓ.ም. የወጣው «ካዛብላንካ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ባለ ሥልጣን አሳየን። ዘመኑ ጀርመኖች ፈረንሳይን የረገጡበት ነው፤ ስፍራውም ስደተኞች መውጫ ፈቃድ ፍለጋ የተከማቹባት የሞሮኮ ከተማ ካዛብላንካ ናት። ሃምፍሪ ቦጋርትና ኢንግሪድ በርግማን የፍቅሩን ታሪክ ይዘዋል። ሬይንስ የከተማይቱ ፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ሬኖ ነው። ሬኖ ቀልደኛ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ፣ ነገር ግን እንደ ነፋሱ አነፋፈስ የሚያዘነብል ሰው ነው። በእጁ ያለውን ፈቃድ ለተቸገሩ ሰዎች የሚሰጠው በዋጋ ነው፤ የሚጠይቀውም ዋጋ ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። የቡና ቤቱን በር ቁማር አገኘሁበት ብሎ ሲዘጋ የቤቱ አሳላፊ በዚያው ሰዓት ሬኖ ራሱ በቁማር ያሸነፈውን ገንዘብ አምጥቶ ያስረክበዋል፤ ሬኖም አመስግኖ ይቀበላል። ይህን ሲያይ የማይሥቅ ተመልካች የለም። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን በየአገሩ እንዲህ ያለ ማኅተም ያዥ መኖሩን እናስታውሳለን።

የሬይንስ ጥበብ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በአውሮፕላን ማረፊያው የመጨረሻ ትዕይንት ነው። ቦጋርት የጀርመኑን መኰንን ተኵሶ ገድሏል፤ ፖሊሶች በመኪና ይደርሳሉ፤ ሁሉም የአዛዣቸውን ቃል ይጠብቃሉ። ሬኖ ወዲያው አይናገርም። ጥቂት ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰውየው እስከዚያች ሰዓት የኖረውን ኑሮ ሁሉ ይመዝናል፤ ከዚያም ወዳጁን ነጻ የሚያወጣውን ትእዛዝ እንደ ተራ የቢሮ ትእዛዝ ቀለል አድርጎ ያዛል። ሁልጊዜ ለማሾፍና ለማምለጥ የዋለው ያ ለስላሳ ድምፅ አሁን ሰው ለማዳን ዋለ። ድምፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። ወዲያውም ከጀርመኖች ጋር ባደረው የቪሺ መንግሥት ከተማ ስም የተጠራውን የውሃ ጠርሙስ አይቶ ወደ ቈሻሻ ቅርጫት ይወረውረዋል። ታሪኩን የፈጸመው ዋናው ሰው ሳይሆን ሁለተኛው ሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ብቻ አልቆመም። በ1944 ዓ.ም. በወጣው «ሚስተር ስኬፊንግተን» ከቤቲ ዴቪስ ጋር ሲጫወት በመልኳ ብቻ የምትኖር ሴት ያገባ፣ ታጋሽ አይሁዳዊ የባንክ ሰው ሆነ፤ በመጨረሻም ከናዚዎች የእስር ሰፈር ዓይኑ ጠፍቶ ይመለሳል፤ መልኳ የረገፈውን ሚስቱንም ባያያት ጊዜ በልቡ እንደ ቀድሞዋ አድርጎ ይቀበላታል። በ1946 ዓ.ም. አልፍሬድ ሂችኮክ ባዘጋጀው «ኖቶሪየስ» ደግሞ በተቃራኒው በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተሸሸጉት ናዚዎች ባልደረባ፣ አሌክሳንደር ሴባስቲያን ሆነ። ይህ ሰው ሚስቱ ሰላይ መሆኗን ባወቀ ጊዜ ከእናቱ ጋር ተማክሮ በቡና ውስጥ መርዝ ያጠጣታል። ሥራው የሚያስጸይፍ ነው፤ ነገር ግን ሚስቱን ከልቡ የወደደ ሰው ነውና፣ በመጨረሻ ባልደረቦቹ ከቤት ውስጥ ሲጠሩትና ወደ ሞቱ ደረጃውን ሲወጣ እያወቅን እናዝንለታለን። ያሳዘነንንም ሰው ሥራውን አንወድለትም። ሁለቱን ስሜት ባንድ ጊዜ ማስያዝ የታላቅ ተዋናይ ምልክት ነው።

ከዚያ በፊት በ1938 ዓ.ም. በ«ሮቢን ሁድ» ተንኰለኛው ልዑል ጆን፣ ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. በ«የዐረቢያው ሎረንስ» በካይሮ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ የሰዎችን ዕጣ የሚያሰላው ሚስተር ድራይደን፣ በመጨረሻው ፊልሙም በ1965 ዓ.ም. ሄሮድስ ሆኖ ቀርቧል። በፔይን፣ በሬኖ፣ በስኬፊንግተንና በሴባስቲያን ሥራው አራት ጊዜ ለደጋፊ ተዋናይ የኦስካር ሽልማት ታጭቶ አንዱንም ሳያገኝ በ1967 ዓ.ም. ሞተ። በመድረክ ግን በ1951 ዓ.ም. የቶኒን ሽልማት ተቀብሎ ነበር። ሁለተኛ ሰው ሆኖ መኖር እንዲህ ነው፤ ሥራው ይቀራል፤ ዘውዱ ለሌላው ይሰጣል።

ይህ ጥበብ የባሕር ማዶ ሰዎች ብቻ ጥበብ አይደለም። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን በማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ አንድ አገር ሕዝብ ሆኖ ነበር። በዛብህን በወጣት ድምፅ፣ ፊታውራሪ መሸሻን በጌትነት ድምፅ፣ ጉዱ ካሣን ደግሞ እብድ ሲሉት ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ በሆነ ሰው ድምፅ አሰማን። መጽሐፉን ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሳይቀሩ እነዚህን ሰዎች እንደ ጎረቤት ያወቋቸው በእርሱ ድምፅ ነው። እንደ ማይታየው ሰው ሁሉ የወጋየሁም ፊት በሬዲዮው ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም ግን አየው።

ከወጋየሁ ዘመን ባልደረቦች አንዱ ደበበ እሸቱ ደግሞ እስከ ሆሊዉድ ፊልም ደርሷል። ኤም. ጂ. ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1973 ዓ.ም. ባወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» በሚባለው፣ ከፊሉ በኢትዮጵያ ምድር በተቀረጸው ፊልም ውስጥ፣ ዋናው ሰው ሪቻርድ ራውንድትሪ ሲሆን ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ከ41 ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. በወጣው «ቀይ ቅጠሎች» በተባለው የእስራኤል ፊልም ግን ዋናውን ሰው ሆነ፤ ይኸውም ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ቤቱን ሸጦ ከልጆቹ ቤት ወደ ልጆቹ ቤት የሚንከራተት መሰጋንዮ የተባለ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊ ነው። የፊልሙ ሐሳብ ከሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» የተቀዳ ነው። ይህ ሽማግሌ በሰው አገር ቋንቋ ተከቦ የገዛ ቋንቋውንና ክብሩን ሲጠብቅ ማየት በስደት ለሚኖር ቤተ ሰብ ሁሉ የሚነካ ነገር ነው። ከአገሩ ርቆ ልጆቹን በሌላ ቋንቋ መካከል የሚያሳድግ አባት ወይም እናት ይህን ፊልም ቢያይ አይጸጸትም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ልመለስ። አማርኛን ለሥራ የሚማር ሰው ቶሎ የሚያጠናቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ። «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው»፤ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል»፤ «ነገ ይመለሱ»። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ሰዋስዋቸው የተስተካከለ፣ ድምፃቸውም የለሰለሰ ነው። ሴናተር ፔይን አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ አጥብቆ ይወዳቸው ነበር።

በሐርጌሳ በአንድ መሥሪያ ቤት የተመለከትሁትን ልንገራችሁ። በቶጎ ውጫሌ በኩል የምትነግድ፣ አማርኛንም በጅጅጋ ገበያ የለመደች አንዲት አረጋዊት ሴት ስለ አንድ ወረቀት ልትጠይቅ መጣች። የመጀመሪያው ጸሓፊ አማርኛው እንደ ወንዝ የሚፈስ ነበር፤ ጉዳይዋ በመታየት ላይ መሆኑን በክብር አስረድቶ አሰናበታት። እርስዋም አመስግና ወደ በሩ ሄደች፤ ነገር ግን ምን እንደ ተባለች አላወቀችም፤ ያልተባለችውን ነገር ማወቅ አይቻልምና። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት ግን ሶማሊ ነበር፤ አማርኛን ከጀመረ አንድ ዓመት አልሞላውም። «ኤዶ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ከዚያም «ወረቀት አልመጣም። ሐሙስ ይመጣል። እኔ ስልክ እደውላለሁ» አላት። ጥብቁንና ላላውን ፊደል አደባልቆታል፤ የአነጋገሩም ዜማ ሌላ ነበር። ሴትዮዋ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ላቧን ጠርጋ መረቀችው። ሐሙስም ወረቀቷን ወሰደች።

ይህን ማለቴ የቋንቋ ጥራት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። እንደዚያማ ቢሆን ትሪ በዚያ ድኻ ልጅ ላይ ገንዘቡን ባላወጣ ነበር። ቋንቋን አጥርቶ መያዝ ለሰሚው የሚደረግ አክብሮት ነው። «አለ» የሚለውን ቃል ላላ አድርገው ቢያነቡት ተናገረ ማለት ነው፤ አጥብቀው ቢያነቡት ይገኛል ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚጠፋ ጉዳይ ብዙ ነው። ለሶማሊ ተናጋሪ ጠ፣ ጨ፣ ጸ አዲስ ድምፆች ናቸውና ብዙ ልምምድ ይፈልጋሉ። በአንጻሩ ደግሞ ሐንና ዐን ከጉሮሮ አውጥቶ መናገር ለትግርኛና ለሶማሊ ተናጋሪዎች የጋራ ሀብት ነው፤ አማርኛ በጽሕፈት ይዟቸው በንግግር ከሀና ከአ ጋር አንድ አድርጓቸዋል። ስለዚህ እኔና የሶማሊው ወዳጄ አማርኛ ስንናገር የምንተወው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ቋንቋ መማር ግን የቀድሞውን አፍ መጣል አይደለም፤ ተዋናይ አዲስ ልብስ ሲለብስ ገላውን እንደማይጥል ሁሉ ነው። መጠንቀቅ የሚገባን በዚያ አዲስ ልብስ ውስጥ ማን እንደ ቆመ ነው። ጥሩ አማርኛ በተማርን ቍጥር እንደ ፔይን የምንሸሸግበት መጋረጃም ይሰፋልናል፤ እንደ ሬኖ በቍርጡ ሰዓት ሰው የምናድንበት ኀይልም ይጨመርልናል። ቋንቋው ለሁለቱም ይታዘዛል፤ ምርጫው የተናጋሪው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ከቤተ ሰብህ ጋር ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን መርጠህ ተመልከት፤ ዛሬ የሲኒማ ቤት ወንበር ሳያስፈልግ በስልክም ይገኛሉ። ለልጆች «ሮቢን ሁድ» ይስማማል፤ ለዐዋቂዎች ግን «ሚስተር ስሚዝ» ወይም «ካዛብላንካ» ይሻላል። ዋናውን ሰው ለጊዜው ተወውና ጆሮህን ወደ ሁለተኛው ሰው አዘንብል፤ ድምፁ የት ላይ እንደሚለሰልስ፣ የት ላይ እንደሚሰበር፣ የት ላይ ዝም እንደሚል ልብ በል። ከዚያም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አውጣና ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን አንድ ገጽ በሁለት ድምፅ ጮኽ ብለህ አንብብ። ልጆች ቢሥቁ አትፈር፤ እነርሱም አንዱን ሰው ይውሰዱና ያንብቡ። በማግሥቱ ወደ መሥሪያ ቤትህ ስትገባ ከጠረጴዛህ ፊት ለሚቆመው ባለ ጉዳይ የምትናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ ከመናገርህ በፊት አንድ ጊዜ ለራስህ አድምጠው።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሰንብቱ።